አሉሚኒየምን ከብረት ጋር፦ የብረታ ብረት ክበብ የ2017 ዓ.ም ዘገባ

የትኛውም ብየዳ ቤት ገብታችሁ «አሉሚኒየም ከብረት ጋር በይዱልኝ» ብትሉ መልሱ የታወቀ ነው። «አይሆንም፣ በሪቬት ወይ በቡሎን ይያዝ» ትባላላችሁ። የክበባችን ተማሪዎችም መስከረም ላይ የመጡት ይህንኑ ይዘው ነው። ዓመቱን ሙሉ የለፋነው ይህ «አይሆንም» ምክንያቱ ምን እንደሆነ ለማወቅና መውጫ ለመፈለግ ነው።

አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። ብረት ግን ወደ 1,500 ይጠጋል። በኤሌክትሮድ ከሞከራችሁት ብረቱ ገና ሳይለሰልስ አሉሚኒየሙ ፈስሶ ያልቃል። ዋናው ጣጣ ግን ይህ አይደለም። ሁለቱ ቀልጠው ሲገናኙ በመካከላቸው ጠንካራ ግን ተሰባሪ የሆነ ውህድ ይፈጠራል። ይህ ንጣፍ ከወፈረ መገጣጠሚያው አንድ ጊዜ በመዶሻ ሲመታ ቀጭ ይላል።

መፍትሔው አለማቅለጥ ነው። በእንግሊዝ አገር ኬምብሪጅ አጠገብ በሚገኘው የብየዳ ተቋም ዌይን ቶማስና ባልደረቦቹ በ1991 እ.ኤ.አ. አንድ ዘዴ አገኙ። ጫፉ ላይ አጭር ፒን ያለው ጠንካራ ዘንግ እየተሽከረከረ ብረታ ብረቱ ውስጥ ይገባል። ሰበቃው ሙቀት ይፈጥራል፣ ብረታ ብረቱ ይለሰልሳል፣ ፒኑም ገንፎ እንደሚያገነፋ ሰው እያማሰለው ወደፊት ይሄዳል። አሉሚኒየም በዚህ ጊዜ የሚደርሰው ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ነው። ብልጭታ የለም፣ ጭስ የለም፣ ኤሌክትሮድም አያስፈልግም።

ዘንጉን ተማሪዎቹ ራሳቸው በቶርኖ ሠሩት፤ በሙቀትም አጠነከሩት። ከዚያ ሚሊንግ ማሽኑ ላይ አሰርነው። ከታች ላሜራ፣ ከላይ አሉሚኒየም አድርገን አጥብቀን ያዝናቸው። ማሽኑ በደቂቃ 1,000 ገደማ እየዞረ ቀስ ብሎ ሲሄድ ከኋላው ቀለበት ቀለበት የሚመስል መስመር ጥሎ ያልፋል። አንዷ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ጎንበስ ብላ አይታ «ቲቸር፣ አልቀለጠም እኮ!» ስትል ወርክሾፑ በሳቅ ሞላ።

ሥራው ሁሉ ያለው ፒኑ ምን ያህል ይግባ በሚለው ላይ ነው። ላሜራውን ካልነካ አይያያዝም፤ አሉሚኒየሙ በእጅ ይላቀቃል። በጣም ከገባ ፒኑ ይበላል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ያ ተሰባሪ ንጣፍም ይወፍራል። ላሜራውን ላጥ አድርጎ ብቻ ማለፍ አለበት። ንጣፉ ጨርሶ እንዲጠፋ አንፈልግም፤ ጥቂት ማይክሮሜትር ሆኖ ሲቀር ነው ጥሩ ብየዳ የሚሆነው። ስለዚህ ልጆቹ ከአንድ ሚሊሜትር አሥረኛ እጅ ጋር ሲታገሉ ከረሙ። እኔ በበኩሌ ከዓመቱ ሁሉ የወደድኩት ይህን ትዕግስታቸውን ነው። ጥሩ የተበየዱትን ናሙናዎች በሞርሳ ይዘን ስንጎትታቸው መጀመሪያ የተቀደደው አሉሚኒየሙ ራሱ ነበር፤ መገጣጠሚያው አልተነቃነቀም።

«ይህ ለምን ይጠቅማል?» ያላችሁን መምህራን ነበራችሁ። አሉሚኒየም ክብደቱ የብረት አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። ሆንዳ በ2013 እ.ኤ.አ. ሞዴል አኮርድ መኪናው ላይ ሞተሩን የሚሸከመውን የፊት ክፍል በዚሁ ዘዴ ከብረትና ከአሉሚኒየም ሠርቶታል። ሙሉ ለሙሉ ከብረት ከሚሠራው ጋር ሲነጻጸር ክብደቱ በ25 በመቶ መቀነሱን ኩባንያው አስታውቋል። መኪና ሲቀል ነዳጅ ይቆጥባል።

አንድ ያልጨረስነው ነገር አለ። ሁለቱ ብረታ ብረቶች ተነካክተው እርጥበት ሲያገኛቸው አሉሚኒየሙ ቶሎ ይበላል፤ ጨው ካለበት ደግሞ ይብሳል። ግማሾቹን ናሙናዎች ጠርዛቸውን ቀለም ቀብተን፣ ግማሾቹን ሳንቀባ የጨው ውሃ ውስጥ አስቀምጠናቸዋል። ክረምቱን እዚያው ይቆያሉ። በመስከረም አውጥተን ቆርጠን እናያቸዋለን። ከ10ኛ ክፍል ጀምሮ መቀላቀል የሚፈልግ ሐሙስ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ወርክሾፕ ይምጣ። የዓይን መከላከያ መነጽር ከእኛ ነው፤ ረጅም ፀጉር ያላችሁ ግን ማሰሪያ ይዛችሁ ኑ።