የሆፕስ ማድረቂያው ቤት ነገር

ይድረስ ለውድ ወዳጄ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ቤተሰብስ ሁሉ ደህና ነው? ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን ማጥፋቴን ይቅር በለኝ። በእንግሊዝ አገር፣ ኬንት ውስጥ ያሉት ባለ ነጭ ቆብ ክብ ቤቶች ምን እንደሆኑ ጠይቀኸኝ ሳልመልስልህ ቀረሁ። ዕዳዬን ልክፈል።

ኦስት ይባላሉ፤ የሆፕስ ማድረቂያ ሆነው የተሠሩ ናቸው። ዛሬ አብዛኞቹ መኖሪያ ቤት ሆነዋል፤ የምነግርህ የድሮውን አሠራር ነው። ሆፕስ ለቢራ፣ ጌሾ ለጠላ እንደሆነው ነው። ግን እንደ ጌሾ ፀሐይ ላይ አስጥተው አይተዉትም፤ አበባው ሲለቀም 80 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው፤ በጆንያ ታፍኖ ከዋለ ይግላል፣ ይጠቁራል።

ቤቱን እንደ አንድ ትልቅ ጭስ ማውጫ አስበው። ከታች እሳት፣ ከላዩ የእንጨት ርብራብ፣ በርብራቡ ላይ ከፈረስ ጸጉር የተሸመነ ጨርቅ፣ በጨርቁ ላይ አበባው። ጣራው ሽቅብ እየጠበበ ሄዶ ቆቡ ላይ ያበቃል። ቆቡ በነፋስ ይዞራል፤ ክፍት ጎኑ ምንጊዜም ለነፋሱ ጀርባውን ይሰጣል። አልዞር ካለ ነፋሱ ገብቶ እንፋሎቱን መልሶ አበባው ላይ ያወርደዋል። ክቡን ቅርጽ የመረጡት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው፤ ማዕዘን ከሌለው ሙቀቱ እኩል ይዳረሳል ብለው። ጥቅሙ አልታይ ሲል ወደ አራት ማዕዘን ተመለሱ።

ማገዶው እንጨት አይሆንም፤ ጭሱ አበባው ላይ ይቀራል። ከሰል ወይም አንትራሳይት የሚባለው ጭስ የማያበዛ የድንጋይ ከሰል ነበር የሚነደው፤ ቀለሙ እንዲያምር ድኝ ይጨመርበት ነበር።

የሚያደርቀው አየሩ ነው፤ እሳቱ አየሩን ሽቅብ ይነዳል እንጂ አበባውን አይጠብስም። ስለዚህ ሙቀቱ ዝግ ብሎ ይጀምርና ወደ 60 ዲግሪ ይወጣል፤ 10 ሰዓት ያህል ይፈጃል። አበባው በጣም ከተከመረ አየር አያልፍም፤ ታቹ ያርራል፣ ላዩ ይላቁጣል። መድረሱን ለማወቅ አንዷን አበባ ሰንጥቀህ በመሃሏ ያለችውን ቀጭን ዘንግ ታጥፋለህ፤ ቀጭ ብላ ከተሰበረች በቃ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ትኩሱን ከጠቀጠቁት ይፈረፈራል፤ ምሬቱንና ሽታውን የያዘው ቢጫ ዱቄት፣ ሉፑሊን፣ ወለል ላይ ይቀራል። ስለዚህ ሸራ በተወጠረበት ሰፊ ላይዳ ቀስ ብለው ወደ ማብረጃው ክፍል ያወጡታል። እዚያ ጥቂት እርጥበት መልሶ ስቦ ሲለሰልስ፣ በወለሉ ቀዳዳ ወደ ታች በተንጠለጠለ ሁለት ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ጆንያ ይጠቀጠቃል፤ ድሮ ሰው ገብቶ በእግሩ ይረግጠው ነበር፣ በኋላ መጭመቂያ መጣለት።

አንተ ጋ ጌሾው ከተሰጣ በኋላ ሳይወቀጥ ስንት ቀን ይቆያል? ጻፍልኝ።

ወዳጅህ