ልጆችን ለቴአትር ስንመለምል ምን እያየን ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች አማተር የቴአትር ክበባት ክረምት በመጣ ቁጥር ታዳጊዎችን ለአዳዲስ ተውኔቶች ሲመለምሉ በደስታ የምከታተል የአማርኛ ቋንቋ መምህር ነኝ። የትምህርት ቤት ድራማ ክበብ ኃላፊ ሆኜ ለዓመታት ስለሠራሁ የእነዚህ ክበባት ልፋት ይገባኛል፤ አብዛኞቹ ያለ በጀት፣ በተውሶ አዳራሽና በተውሶ አልባሳት የሚሠሩ ናቸው። ብዕር ያስነሣኝ ግን የምልመላው መንገድ፣ ማለትም ኦዲሽን የምንለው ፈተና፣ ለመድረክ የሚሆኑትን ልጆች እያሳለፈ ሳይሆን እየጣለ መምጣቱ ነው።

አሠራሩ ባየኋቸው ቦታዎች ሁሉ ተመሳሳይ ነው። ዳኞች ከጠረጴዛ ኋላ ይቀመጣሉ፤ ልጁ ተራው ሲደርስ ብቻውን ይገባና ስሙን፣ ዕድሜውንና የስንተኛ ክፍል ተማሪ እንደሆነ ይናገራል፤ ከዚያም አይቶት የማያውቀው አንድ ገጽ ቃለ ተውኔት ይሰጠውና “በስሜት አንብብ” ይባላል። ነገሩ ሁሉ ከሦስት ደቂቃ አያልፍም። በዚህ መንገድ የሚታወቀው ልጁ ማንበብ መቻሉና ሰው ፊት መቆም አለመፍራቱ ብቻ ስለሆነ፣ የሚያልፉት በአብዛኛው በትምህርት ቤታቸው ሚኒ ሚዲያ ማይክ መጨበጥ የለመዱና ድምፃቸውን እንደ ዜና አንባቢ የሚያጎረንኑ ልጆች ይሆናሉ። እነርሱ ምንም ጥፋት የለባቸውም። ይሁንና ጥናት፣ ማለትም የተውኔቱ ልምምድ፣ ሲጀመር አጠገባቸው ያለው ተዋናይ የሚለውን ከማዳመጥ ይልቅ የራሳቸውን ተራ ሲጠብቁ ይታያሉ፤ አዘጋጁም ይህን ልማድ ለማስተው ሲታገል ይከርማል።

በቅርቡ በታደምኩበት አንድ ምልመላ ላይ፣ በረንዳው ላይ ተራቸውን ከሚጠብቁት መካከል አሥራ ሦስት ዓመት የሚሆነው አንድ ልጅ የመኪና ረዳት ሆኖ “ጣርማበር፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት!” እያለ ይጣራ ነበር። አንዷን ልጅ እንደ አሮጊት ቆጥሮ “እማማ፣ ይግቡ፤ ወንበር አለ” ሲላት፣ እርሷም ወዲያው ወገቧን ጎበጥ አድርጋ ስለ ታሪፉ ትከራከረው ጀመር፤ ሌላው ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው ሾፌር ሆኖ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። በብርዱ ጋቢያቸውን ተከናንበው ልጆቻቸውን የሚጠብቁት ወላጆች ሳይቀሩ ሳቁ። ይኸው ልጅ ተጠርቶ ሲገባ ግን ወረቀቱን በሁለት እጁ ጨምድዶ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለቀመ አነበበና ሳይመረጥ ቀረ። ዳኞቹን አልወቅስም፤ ከተቀመጡበት ሆነው ሊያዩት የሚችሉት ያንን ብቻ ነበር።

ስለዚህ ልጆች በቡድን እንዲገቡ ሐሳብ አቀርባለሁ። አምስት ልጆች አብረው ይግቡና አንድ ሁኔታ ይሰጣቸው፤ ለምሳሌ ከገበያ ሲመለሱ በግ የጠፋበት ቤተሰብ ይሁኑ። የሚነበብ ነገር አይኑር። ጥቂት ከተጫወቱ በኋላ አዘጋጁ ያስቆማቸውና አንድ ነገር ይለውጥ፦ አባት የነበረው ልጅ ይሁን፣ ወይም በጉን የሸጠው ከመካከላቸው አንዱ መሆኑ ይታወቅ። ከሁሉ በላይ መታየት ያለበት ይህ ጊዜ ነው። አስተያየት ሲሰጠው ጨዋታውን የሚለውጥ ልጅ በጥናት ጊዜ ያድጋል፤ የመጀመሪያውን ደግሞ ደጋግሞ የሚያሳይ ልጅ ግን፣ የቱንም ያህል ቢያስጨበጭብ፣ ያው እንደሆነ ይቀራል። ቃለ ተውኔት መሰማት ካለበትም ገጹ ከአንድ ቀን በፊት ይሰጣቸው፤ ማንበብ ለሚከብደው ደግሞ ጓደኛው ያንብብለት። ጊዜ አይበቃም የሚሉ አሉ። ይሁን እንጂ ለአምስት ልጆች አሥራ አምስት ደቂቃ መስጠት ለእያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ ከመስጠት አይበልጥም፤ በዚያ ላይ ሁሉም ልጅ አሥራ አምስቱን ደቂቃ ሙሉ ይታያል።

እንዲህ ያለው ጨዋታ ለቴአትራችንም እንግዳ አይደለም። የአማርኛን ተውኔት የጀመሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የዚሁ የሰሜን ሸዋ፣ የሰያደብር ተወላጅ ሲሆኑ፣ ሩሲያ ተምረው ከተመለሱ በኋላ የጻፉት የመጀመሪያ ተውኔት ገጸ ባሕርያቱ አውሬዎች ነበሩ። እንደ ጅብ ወይም እንደ ቀበሮ ሆኖ መጫወት ከልጅ ምንም ወረቀት አይጠይቅም።

ከዚሁ ጋር የአነጋገር ነገር አለ። በዚያው ዕለት ከመንዝ በኩል የመጣች ልጅ በአካባቢዋ ዘዬ ስትናገር “እንደ ከተማ ሰው ተናገሪ” ተብላ ታረመች። የሚገርመው፣ ተውኔቱ የሚካሄደው በሸዋ ገበሬ ቤት ውስጥ ነው! ልጅቷ ከመጣችበት ቤት የማይለይ ቤት ማለት ነው። እርማቱ ልጅቷን አሸማቀቃት፤ አዘጋጁንም ሌላ ተዋናይ ለወራት አጥንቶ የማያገኘውን ድምፅ አሳጣው።

ሴት ልጆች ቁጥራቸው ማነሱ ሌላው ጉዳይ ነው። በአገራችን ቴአትር መጀመሪያ አካባቢ የሴት ገጸ ባሕርያትን ወንዶች ይጫወቱ ነበር፤ ዛሬ ያ ቀርቷል፤ ነገር ግን ምልመላውም ጥናቱም ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ከተደረገ፣ በተለይ በዚህ ጊዜ፣ ልጁን የሚልክ ወላጅ ጥቂት፣ ሴት ልጁን የሚልክ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወጣት ሠራተኞች በቀን ከሰባት ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ድረስም ሥራ ላይ እንዳይሰማሩ ይከለክላል። የበጎ ፈቃድ ክበብ አሠሪ አይደለም ይባል ይሆናል። ለተቀጠረ ወጣት የተሰጠው ጥበቃ በነጻ ለሚለፋ ሕፃን የሚነፈግበት ምክንያት ግን አይታየኝም፤ እንዲያውም ለልጆች ጥናቱ ከቀትር በኋላ ተጀምሮ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቢያበቃ፣ ወላጅም ፈቃዱን በጽሑፍ ቢሰጥና ሲፈልግ ገብቶ ቢያይ መልካም ነው።

ማስታወቂያው በቴሌግራም ብቻ መለቀቁም ስልክ የሌላቸውን ልጆች፣ በተለይም ከወለጋ ተፈናቅለው በከተማችን መጠለያዎች የሚኖሩትን፣ ከጅምሩ ያስቀራል። ወረቀት አትሞ በመጠለያዎቹና በትምህርት ቤቶች በር ላይ መለጠፍ ብዙ ወጪ የለውም።

በመጨረሻ ውጤት የሚነገርበት መንገድ ይታሰብበት። ያለፉትን ስም ዝርዝር በር ላይ ለጥፎ መሄድ፣ ስሙን አጥቶ ከሰው ፊት ዘወር ለሚል ታዳጊ ከባድ ነው። ያልተመረጡት ተጠርተው በአዘጋጁ አፍ ይነገራቸው፤ የሚፈልጉትም በመብራት፣ በአልባሳት፣ በመድረክ ዕቃ ዝግጅት እንዲሳተፉ ይጠየቁ። በትምህርት ቤታችን ድራማ ክበብ ይህንን እናደርግ ነበር፤ አንድ ዓመት መጋረጃ ስትስብ የከረመች ተማሪ የሁሉንም ቃል በቃሏ ይዛ ስለነበር፣ አንዷ ተዋናይ በታመመችበት ቀን ያለ አንዳች ጥናት ወጥታ ተጫውታለች።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአማርኛ መምህር
ከደብረ ብርሃን