ደብተሩ የት ሄደ?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ስለ ድሮ ጥቁርና ነጭ የወንጀል ፊልሞች ያወጣችሁትን አዘዞ ሱቄ ውስጥ ሆኜ አነበብኩት። ባርኔጣ የደፋ መርማሪ፣ ሲጋራ የምታጨስ ቆንጆ፣ ዝናብ የመታው አስፋልት። ደስ ይላል። ግን «ቦርደር ኢንሲደንት»ን ዘለላችሁት።

አንቶኒ ማን እ.ኤ.አ. በ1949 የሠራው ፊልም ነው። ወንጀሉ ያለው ከተማ ሳይሆን እርሻ ላይ ነው። የሜክሲኮ ገበሬዎች በደላላ በኩል ተደብቀው ወደ ካሊፎርኒያ ይሻገራሉ፤ በርካሽ ይሠራሉ። ሲመለሱ ሽፍታ ሸለቆ ውስጥ ጠብቆ ይዘርፋቸውና ሰው በሚውጥ አሸዋ ውስጥ ይጥላቸዋል። አንድ የሜክሲኮና አንድ የአሜሪካ የመንግሥት ሰው ማንነታቸውን ደብቀው መሀላቸው ይገባሉ። የሜክሲኮውን ሰው የሚጫወተው ሪካርዶ ሞንታልባን የቀን ሠራተኛ መስሎ ሲቀርብ የሚያሳጣው መዳፉ ነው። ለስላሳ ነዋ!

እዚያ ላይ ፊልሙን አቁሜ የራሴን መዳፍ አየሁ።

የዛሬ 12 ዓመት ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርጄ ነበር። ገንዳ ውሃ ላይ ደላላው መጀመሪያ ያየው እጃችንን ነው። ሰሊጥ ከደረሰ ቀን አይሰጥም፤ ፍሬው ይረግፋል። ባለ እርሻው እንደዚያ ሲጣደፍ ዋጋ መቁረጥ የነበረብን እኛ ነበርን። ግን «ሒሳብ መጨረሻ ላይ» አሉን፤ እሺ አልን። አጨድን፣ ነዶውን አቁመን ሂላ ሠራን። መጨረሻ ላይ ካቦው ደብተሩን ገለጠ። የዱቄት፣ የመድኃኒት፣ የመኪና እያለ ሲቀንስ ሲቀንስ ለእኔ ጎንደር መግቢያና የአንድ ሸሚዝ ዋጋ ተረፈኝ። ማንም ሽጉጥ አላወጣም። አብሮኝ የወረደው ልጅ ደግሞ ይዞት የተመለሰው ካላዛር የሚባለውን በሽታ ነበር። ጎንደር 17 ቀን መርፌ ተወግቶ ነው የዳነው።

ስለዚህ ፊልሙ ላይ ቅሬታ አለኝ። ጆን አልተን የቀረጸው ጨለማ ግሩም ነው። አሜሪካዊው መርማሪ በሌሊት እርሻ ላይ ተኝቶ፣ ትራክተር የሚጎትተው ስለት ወደ እሱ ሲመጣ፣ ጓደኛው ከሩቅ እያየ ምንም ማድረግ ሲያቅተው፣ እኔም ዓይኔን ጨፈንኩ። ግን መጨረሻ ላይ ተራኪው ድምፁን ሞልቶ «ሁሉም ሰላም ሆነ» ዓይነት ነገር ይላል። በሕጋዊ ውል የገቡትስ? የሜክሲኮና የአሜሪካ መንግሥታት ሠራተኞችን በውል የሚያስገቡበት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1942 እስከ 1964 ቆይቷል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከደመወዛቸው 10 በመቶ «ቁጠባ ነው» ተብሎ ይቆረጥ ነበር። ብዙዎቹ ያን ገንዘብ ሳያዩት አረጁ። ፊልሙ ሽፍታውን አሳየ፤ ደብተሩን ግን አላሳየም።

ቢሆንም ፊልሙን ጻፉበት። ማየት የፈለገ ፍላሽ ይዞ ሱቄ ይምጣ። ከአጨዳ ለተመለሰ ሰው አላስከፍልም።

የቀድሞ የሰሊጥ አጫጅ
አዘዞ፣ ጎንደር