ይድረስ ለከድር፦ ስለ ደብተርህ

ጅማ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለከድር፣

ለጤናህ እንዴት ከርመሃል? እማማስ ደህና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ዝናቡ ብቻ ዘንድሮ ጥቅምት ገብቶም አልለቀቀንም። ይህን ያህል ጊዜ ዝም ማለቴ ጥፋት ነው፤ ይቅር በለኝ። ሰበብ ልደርድር ብል ወረቀቱ በሰበብ ያልቃል፤ ይቅርታዬን ተቀበለኝና ወደ ጉዳዬ ልግባ። ብዕር ያስነሳኝ ደብተርህ ነው።

አዎ፣ ያ ደብተር፤ ለደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ፣ ለዚያ ዳይስ እየጣልን ተዋጊና አስማተኛ ሆነን ለምንጫወተው ጨዋታ፣ ዋሻህንና ጭራቆቹን የጻፍክበት። ቅዳሜ ማታ ከአዌቱ ማዶ የሚሰበሰቡት ልጆች ስድስት ሆነዋል፤ ያንተን ዋሻ ካልተጫወትን ብለዋል። ደብተሩ የተጻፈው በ3.5 ሕግ፣ በሦስተኛው እትም ማሻሻያ፣ ነው። ሁለቱ ልጆች የ2014ቱን አምስተኛ እትም ፎቶ ኮፒ አስነስተው ይዘዋል፤ አራቱ የ2024ቱን የአምስተኛው እትም ማሻሻያ በስልካቸው አውርደዋል (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ)። ሦስት ሕግ በአንድ ጠረጴዛ። ሁሉም ያው ባለ 20 ገጽ ዳይስ ስለሚጥሉ ሕጉም አንድ ይመስላቸዋል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው መመሳሰሉ ነው።

"20 ሲቀነስ" የምትለው ነገር ነበረችህ። በ1989ኙ ሁለተኛ እትም የጥሩሩ ቁጥር፣ ኤሲው፣ ሲያንስ ነበር የሚሻለው። በ2000 ሦስተኛው እትም ገለበጠው፤ ድሮ 3 የነበረው፣ 20 ሲቀነስ 3፣ 17 ሆነ። የማጥቂያው ቁጥርም በዚያችው ቅናሽ ተሻገረ። አንተም ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ እትም እንዲህ ያለች ቀመር ትኖራለች አልክ፤ እኔም ካንተ ተቀብዬ ያዝኳት። ከ3.5 ወደ አምስተኛው ስትሻገር ግን የለችም፣ ከድሬ። ፈልጌ አጣኋት። እንደማትቀበለኝ ስለማውቅ ሂሳቡን ልዘርዝርልህ።

ዘንዶውን እንውሰድ። ኤሲ 24 ብለህ ጽፈሃል፤ ዳይሱና ጭማሪው ተደምረው 24 ከደረሱ ተመታ ማለት ነው። በ3.5 ስምንተኛ ሌቨል የደረሰ ተዋጊ ከክላሱ (ከተዋጊነት ሙያው) 8፣ ከ18 ጉልበቱ 4፣ ከ+2 ሰይፉ 2፣ በመሣሪያው ከመካኑ 1፣ በድምሩ +15 አለው። 9 ከጣለ መታ፤ ከ20ው ገጽ 12ቱ የሱ ናቸው። በአዲሱ እትም ያው ተዋጊ፣ በያው ሌቨልና በያው ጉልበት፣ 3 ከልምዱ 4 ከጉልበቱ፣ +7 ብቻ ነው ያለው። አስማት ያለበት ሰይፍም ሕጉ የግድ ይኑረው አይልም። 24 ለመድረስ 17 መጣል አለበት፤ ከ20ው ገጽ አራቱ ብቻ ቀሩለት። ልጆቹ ሲስቱ ያመሻሉ፣ ዘንዶው አንድ በአንድ ይጨርሳቸዋል፣ ከዚያ "ዋሻው አይረባም" ይባላል። ዋሻህ ግን ይረባል፤ ከዋሻ ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

ምክንያቱ ይኼ ነው፦ ሦስተኛው እትም ቁጥሩ ከሌቨሉ ጋር እየዘለለ እንዲሄድ ተደርጎ ተሠራ። በአምስተኛው የልምድ ጭማሪው በመጀመሪያ ሌቨል +2 ነው፣ 17ኛው ላይ ሲደርስ +6፤ በቃ። ዕድገቱ የሄደው ወደ ኤችፒ፣ እስኪወድቅ ወደሚችለው የጉዳት መጠን፣ ነው። ኦገሩን፣ ያን ግዙፍ ጭራቅ፣ እይልኝ፦ በ3.5 ኤሲ 16 ኤችፒ 29፣ በ2014ቱ ኤሲ 11 ኤችፒ 59። በቀላሉ ይመታል፣ ግን ቶሎ አይወድቅም።

ስለዚህ ቁጥሩን ትቼ ተጫዋቹ መጣል ያለበትን ዳይስ መተርጎም ጀመርኩ። ያንተ ተዋጊ 9 ይበቃው ከነበረ ለዛሬዎቹም 9 ይብቃቸው። 7 እና 9፣ 16፤ የዘንዶው ኤሲ 16 ሆነ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በ3.5 ሁለተኛው ምት 5 ስለሚቀነስበት 14 መጣል ይፈልግ ነበር፤ በአዲሱ ሁለቱም ምቶች እኩል ናቸው። በአንድ ዙር በአማካይ 0.95 ምት ያገኝ የነበረው 1.2 ያገኛል። ስለዚህ ኤሲውን ዝቅ ባደረግኩ ቁጥር ኤችፒውን በሩብ ግድም ከፍ አደርጋለሁ። የጉዳቱ መጠን ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፤ እሱን እየተጫወትን አስተካክላለሁ።

ወጥመዶችህንም በዚሁ መንገድ ነው የማሻግራቸው። ለማግኘት 25 ያስፈልጋል ያልካትን በ3.5 ስምንተኛ ሌቨል ሌባ በ+13 ሲፈልጋት 12 ይበቃው ነበር፤ የአሁኑ ሌባ የተካነበት ቢሆን እንኳ +8 ነው፤ ስለዚህ 20 ትሆናለች።

የእሳት ኳሱ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ስምንተኛ ሌቨል ላይ ሁለቱ እትሞች ይገናኛሉ፤ በሁለቱም ስምንት ዳይስ ነው። አምስተኛ ሌቨል ላይ ያንተ አስማተኛ አምስት ባለ 6 ገጽ ዳይስ ይጥል ነበር፣ በአማካይ 17.5፤ የዛሬው ገና ድግምቱን ሲያገኝ ስምንት ይጥላል፣ 28። አንደኛው ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ውስጥ ያጨቅካቸው ጠባቂዎች በአንድ ቃል አመድ ይሆናሉ። ሁለት ክፍል ልከፍላቸው ነው፤ አትቆጣ።

ቄሱ ላይ ደግሞ ልጆቹ ያዝናሉ። በ3.5 ዓይነታቸው እስከተለያየ ድረስ አንዱን ቡራኬ በሌላው ላይ መደረብ ይቻል ነበር፤ አንተም ጠላቶችህን የሠራኸው ያ ሁሉ ተደርቦ እንደሚመጣ አስበህ ነው። አሁን ሐሳብን መሰብሰብ የሚጠይቅ ድግምት በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ አይያዝም፤ ተመትተህ ከ10 ወይም ከጉዳቱ ግማሽ የሚበልጠውን በዳይስ ካልደረስክበት እሱም ይበተናል።

ከሁሉ ያስጨነቀኝ የድልድዩ ደፈጣ ነው። ያንተ መለያ ነበር፤ ጫካው ውስጥ ስምንት ቀስተኛ፣ ማንም ሰይፉን ሳይመዝ አንድ ዙር ቀስት። 3.5 ለደፈጣ ያንን ነጻ ዙር ይሰጥ ነበር። በ2014ቱም ያልጠበቀው ሰው የመጀመሪያ ተራው ያልፈው ነበር። የ2024ቱ ግን ተራ ሲጣል ሁለት ዳይስ ጥሎ ትንሹን እንዲወስድ ብቻ ነው የሚያደርገው። ዕድለኛ ከሆነ ካንተ ቀስተኞች ቀድሞ ይነሳል! ቁጥራቸውን ልጨምር አልኩና ተውኩት፤ ደፈጣ በብዛት አይደለም። ይልቅ አራት አራት አድርጌ በድልድዩ በሁለቱም ጫፍ ልከፍላቸውና ወፍራም ግንድ ጀርባ ላስጠጋቸው አሰብኩ፤ ሦስት አራተኛ መሸሸጊያ ኤሲያቸው ላይ 5 ይጨምራል። ነጻ ዙሩ ቢቀርም መሄጃ ማጣቱ ይቀራል። አንተ ምን ትላለህ? እዚህ ላይ ያላንተ እጄን ማሳረፍ ከበደኝ።

ደባልቀን እንጫወት ያሉም ነበሩ። አይሆንም አልኩ፤ ሁሉም ወደ 2024ቱ ይገለብጣል። አንዱ ቄስ ሲፈውስ አንድ ባለ 8 ገጽ ዳይስ ሲጥል ጎኑ ያለው ሁለት ከጣለ ጠብ ነው። በ2014ቱ ፓላዲን (ቅዱስ ተዋጊ) የያዘችው ልጅ ግን አኩርፋለች፦ ቅዱስ ምቷ በመታች ቁጥር ትጠቀምበት የነበረ ነው፣ አሁን በተራዋ አንዴ ብቻ ሆነ። እውነቷን ነው፤ ማካካሻ ስፈልግላት ነው የሰነበትኩት።

አሁን መናዘዝ የምፈልገው፦ አራት ገጽ ነክቻለሁ። በእርሳስ ነው፣ ይጠፋል። ሳላስፈቅድህ መሆኑ ግን ከነካሁ ወዲህ አላሳረፈኝም። የቀረውን ካልፈቀድክ አልነካውም።

ደግሞ ያንተው ተዋጊ። ልጆቹ ዋሻው ደጅ ላይ እንዲያገኙት እፈልጋለሁ። ዘጠኝ ልዩ ችሎታ ነበረው፤ በአዲሱ ሰው ተዋጊ በስምንተኛ ሌቨል የሚያገኘው ከዚያ ያነሰ ነው። ያ የምትወደው፣ ከማጥቂያው ቀንሶ ጉዳቱ ላይ የሚጨምረው፣ ባወረድነው ነጻ ሕግ ውስጥ የለም። በምትኩ መሣሪያው ራሱ ጠባይ አለው፦ ባለ ሁለት እጅ ትልቁ ሰይፍ ስትስትም እንኳ የጉልበትህን ጭማሪ፣ ያንተ 4 ነው፣ ጉዳት ያደርሳል። ትልቁ መጥረቢያ ሲመታ አጠገቡ ወዳለው ሁለተኛ ጠላት ይሻገራል። ስተህ ባዶ እጅህን መመለስ የማትወድ ሰው ስለሆንክ ሰይፉን ገመትኩልህ። ተሳስቼ ከሆነ ቶሎ ጻፍልኝ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። 31ኛው ገጽ ላይ፣ ከጉድጓዱ አጠገብ፣ በቀይ "ክ" ብለህ ከበህባታል። ክፍት ነው? ክዳን? ወይስ ከድር ማለትህ ነው? ለሚቀጥለው ቅዳሜ ያስፈልገኛል።

እማማን እጃቸውን ሳምልኝ።

ወንድምህ ሙዘሚል