የአባዬ ጆንያ

ጅማ፣ ሐምሌ 14

ይድረስ ለማትረሺኝ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ካንቺ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ። ሳቅሽ አይደል? ስምንተኛ ክፍል ከኋላዬ ተቀምጠሽ የምትወረውሪልኝ ብጣሽ ወረቀት ሁሉ በዚህ ነበር የሚጀምረው። ያኔ ናፍቆቱ ከአንድ ዴስክ አያልፍም። አሁን ሦስት ዓመት ሆነው።

ጥፋቱ የኔ ነው። አባዬ ያረፈ ሰሞን ደጋግመሽ ደወልሽ፤ አላነሳሁም። ከአርባው በኋላ እደውላለሁ አልኩ። ከሰማንያው በኋላ አልኩ። ሙት ዓመቱም አለፈ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ኀፍረቱ መጣ። ቁጥርሽን አወጣለሁ፣ ምን ብዬ ልጀምር እላለሁ፣ መልሼ ስልኩን አስቀምጣለሁ። ዛሬ ያስጻፈኝ አንድ ቢጫ እራፊ ነው። ቆይ፣ እደርስበታለሁ።

የአባዬን ጆንያ ታስታውሺዋለሽ? መርካቶ፣ በረንዳው ላይ፣ ከሲንጀሩ ጎን የሚያስቀምጠውን? ልብስ ሲሰፋ የተረፈችውን ቁራጭ ሁሉ እዚያ ይጨምራል። «ለመጣፊያ ትሆናለች» ይላል። መጣፊያ ፈልጎ የመጣ ሰው ግን አይቼ አላውቅም። እሱ ካለፈ በኋላ ሲንጀሩም ጆንያውም እኛ ጓዳ ገቡ። አምና ሚያዝያ እማዬ «አይጥ ሊራባበት ነው» ብላ ልትጥለው ስትል ቀማኋትና ሳሎን ዘረገፍኩት። ካኪ፣ ቴትሮን፣ አቡጀዴ፣ የኮት ገበር፣ የሚዜ ሳቲን፣ የተማሪ ዩኒፎርም። ምንጣፉ ጠፋ።

እና ብርድ ልብስ መስፋት ጀመርኩልሽ። እራፊውን እኩል እኩል ትቆርጫለሽ፣ ትገጣጥሚዋለሽ፣ መሃሉ ላይ ጥጥ፣ ከሥር ገበር ታደርጊና ሦስቱን አንድ ላይ ትሰፊያቸዋለሽ። ፈረንጆቹ ኩዊልት ይሉታል። እማዬ ድሪቶ ትለዋለች።

«ያን ሁሉ ሰው አልብሶ፣ ልጁ ድሪቶ ትደርት?» አለችኝ። አልፈርድባትም። ልጅ ሆና የተጣፈ ለብሳ ነው ያደገችው። ማን ወደዚያ መመለስ ይፈልጋል?

አንድ ማታ ስልኬ ላይ ስለ አንዲት መንደር አነበብኩ። ጂዝ ቤንድ ትባላለች፣ አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ። የባሪያ ልጅ ልጆች የሆኑ ሴቶች በብርድ ላለመሞት ብለው ከአሮጌ የሥራ ልብስ ይህንኑ ሲሰፉ የኖሩባት መንደር ናት። አንዷ ባሏ ሲሞትባት፣ በፈረንጆቹ 1942፣ በሥራ ልብሶቹ አንድ ብርድ ልብስ ሰፋች። ዛሬ ዋሽንግተን፣ ብሔራዊው የሥነ ጥበብ ጋለሪ ውስጥ ነው ያለው። ለእማዬ አነበብኩላት። ጋለሪው ደንታም አልሰጣት። «ልጆች ነበሯት?» አለችኝ። «አዎ፣ ነበሯት።» ዝም አለች። የዚያን ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ወርዳ ጥጥ ገዝታ መጣች። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳት። ፍሬውን እየለቀመች ማባዘት ጀመረች።

የመጀመሪያው ግን ጉድ ሆነ። ስፌቱን አራራቅኩትና ባጠብኩት ጊዜ ጥጡ ሸሽቶ አንድ ጥግ ላይ እንደ ሊጥ ተጓጎለ። በዚያ ላይ አንዱ ቀይ ጨርቅ ለቆ ነጩን ሁሉ ሮዝ አደረገው። እማዬ አንስታ አየችውና «ይሄስ ለድሪቶም አይሆን» አለች። አሁን በየአራት ጣቱ እሰፋዋለሁ። ጨርቁንም ሳልቆርጠው በፊት በሙቅ ውሃ አጥባለሁ።

የአሁኑ በወርድ 14፣ በቁመት 18 ነው፤ 252 ቁራጭ። እያንዳንዱን 12 ሳንቲሜትር አድርጌ እቆርጠዋለሁ፤ በየጎኑ 6 ሚሊሜትር ስፌት ይበላዋል። በየጎኑ አንዲት ሚሊሜትር ካሳሳትሽ አንዱ መስመር ብቻውን ከሌላው በሁለት ሳንቲሜትር ተኩል ያንሳል፤ ከዚያ አልገጥምም ይልሻል። አባዬ ሳሙናዋን እንደ ምላጭ ስል አድርጎ የሚያሰምረው ለምን እንደሆነ የገባኝ አሁን ነው። እኛ ደግሞ ሳሙናዋን እየሰረቅን አስፋልት ላይ ሰኞ ማክሰኞ እናሰምርባት ነበር!

ክረምቱን ታውቂዋለሽ፤ የጅማ ዝናብ ሲጀምር ማቆም አያውቅም። መብራት ይሄዳል። ሲንጀሩ ግን በእግር ነው፣ ምን ቸገረው። በርጩማዋን መስኮት ሥር አስጠጋለሁ፣ እማዬ ቡና ታፈላለች፣ እየሰፋሁ «ይሄስ የማነው?» እላታለሁ። ጉዴን ልንገርሽ? ሁሉንም ታውቃቸዋለች። ይሄ የእገሌ ሠርግ፣ ይሄ የእገሊት ልጅ ክርስትና። አንድ ግራጫ የሱፍ ቁራጭ ስታይ ሳቀች። አባዬ የአንድ ሰውዬ ሙሉ ልብስ ሲቆርጥ እጅጌውን አሳጥሮበት ጨርቁን ከኪሱ ተክቷል። ያን ወር ቤታችን ከሽሮ ሌላ አልተሠራም። ሽሮው ትዝ ይለኛል። ጾም መስሎኝ ነበር!

አንድ ቀን ፊት ለፊት ያሉት እትዬ ቡና ሊጠጡ መጡ። ቶናው እየተቀዳ ከክምሩ ላይ አንድ ቡኒ ቁራጭ አነሱ። የባለቤታቸው ካፖርት ነው። ስንት ዘመን ጆንያ ውስጥ የኖረ ጨርቅ ምን ይሸታል? እሳቸው ግን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ቆዩ። ግማሹን ቆርጬ ልስጥዎት ልል አፌን ስከፍት እማዬ ገላመጠችኝ። ሙሉውን ሰጠኋቸው። በረካውን ሳይጠጡ ሄዱ።

አሁን ወደ ቢጫው። ባለፈው ሳምንት ከጆንያው ሥር፣ ከክር ጋር ተጠቅልሎ አገኘሁት። ነጭ ነጠብጣብ አለው። አወቅሽው? የእንቁጣጣሽ ቀሚሳችን! የኔ ከኋላ ማሰሪያ ነበረው፣ ያንቺ አልነበረውም፣ አበባየሆሽ እስክንጨርስ አኩርፈሽኛል። ለእማዬ ሳሳያት ምን አለችኝ መሰለሽ? ጨርቁን የገዛችው እናትሽ ናት። ሦስት ሜትር አምጥታ «ለሁለቱም ይበቃል» ብላ ለአባዬ ሰጠችው። ያን ዓመት እኛ ጋ ለበዓል ልብስ የሚተርፍ አልነበረም። አባዬ የእጅ ዋጋ አልተቀበላትም። ማሰሪያውም ጨርቁ ለአንድ ብቻ ስለበቃ ነው እንጂ አባዬ አዳልቶ አይደለም አለችኝ። ለልጁ ማድላቱን ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኔም እጠረጥራለሁ።

እንግዲህ ይሄን ሁሉ ዘመን ያንቺን እናት ጨርቅ ለብሼ ስኮራብሽ ነበር። ይሄን አውቄ እንዴት ዝም ልበል?

ቢጫውን ዘጠነኛው ረድፍ፣ መሃል ላይ አድርጌዋለሁ። ከጎኑ ያለውን አንዱን ቦታ ክፍት ትቼዋለሁ፤ ለእናትሽ። የማትለብሰው ቀሚስ ካላት ከጫፉ ላይ መዳፍ የምታህል ቁረጪልኝ። አስፈቅደሻት፣ እንደ ድሮው ሰርቀሽ አይደለም። 13 በ13 ይሁን፣ እኔ አስተካክለዋለሁ። ወደ ጅማ በሚመጣ ሰው እጅ ላኪልኝ፤ ወይም፣ ካልከበደሽ፣ ራስሽ ይዘሽው ነይ። እማዬ ስላንቺ ስትጠይቀኝ የምመልሰው አልቆብኛል።

ቀይ ከሆነ ግን መጀመሪያ በሙቅ ውሃ እጠቢው።

ያቺው ዝምተኛዋ እህትሽ