ዶሮ አነቅን
ይድረስ ለልጄ፣

ማክሰኞ ሌሊት በስድስት ሰዓት በርሽን ደብድቤ «የሰው ቋንቋ ተናገሪ!» ብዬ ጮህኩብሽ። አንቺም እንዳልረሳሽው ቁርስ ላይ ከፊትሽ አይቻለሁ። ቁጭ ብለን እንዳናወራ ያ ማዳመጫ ከጆሮሽ አይወርድም። ስለዚህ ጻፍኩልሽ።

እኔ ተኝቼ ነበር። ግድግዳው ስስ ነው፣ ታውቂዋለሽ። «ዶዘር መጣ! ውጡ! ውጡ!» የሚል ድምፅሽን ስሰማ ልቤ ቀጥ አለች። የፒያሳው ሰፈራችን ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ከፈረሰ ወዲህ ይህን ቃል በእንቅልፍ ልቤ መስማት አልችልም። ባዶ እግሬን ሮጬ መጣሁ። አንቺ አልጋሽ ላይ ተቀምጠሽ ስልክሽን በሁለት እጅሽ ጨብጠሽ ትንከተከቻለሽ። የጮህኩት ከንዴት ይልቅ ከድንጋጤ ነው።

በማግስቱ ወንድምሽን ጠየቅኩት። (በአንድ ፓስቲ ነው የተናዘዘው፣ አትቆጪው።) ፐብጂ በሚባለው የስልክ ጨዋታችሁ ላይ 100 ሰው ከአውሮፕላን ይዘላል። ከዚያ የመጫወቻው ክልል እየጠበበ ይመጣል፣ ከክቡ ውጭ የቀረ ይሞታል። እናንተ ያንን ክብ ነው ለካ «ዶዘር» የምትሉት። መጨረሻ ላይ ቆሞ ለቀረው ደግሞ ጨዋታው ራሱ «የዶሮ እራት» ብሎ ይጽፍለታል። ስለዚህ ስታሸንፉ «ዶሮ አነቅን»። ሁለተኛ ስትወጡ «ሽሮ»። ገና እንደወረዳችሁ ስታልቁ «ጾም»። ዕቃ እየለቀመ ከመሸከም በቀር አንድ ጥይት የማይተኩሰው ልጅ «ጀሪካን»።

ጀሪካን ላይ በጣም ሳቅኩ። «ዶሮ አነቅን» ላይ ግን ትንሽ ዝም አልኩ። አንዷ ጓደኛሽ ጀሞ ናት፣ አንዱ የካ አባዶ፣ አንዱ ቦሌ አራብሳ። እዚሁ አራት ኪሎ ተከራይተን የቀረነው እኛ ብቻ ነን። ኩሽኔታ የገፋችሁበት ኮብልስቶን የለም። አራታችሁ ሌሊት ሌሊት ተሰብስባችሁ የሰፈራችሁን ስም ትጠራላችሁ።

ይሄ የመንደራችን አመል ነው መሰለኝ። አራዳም ድሮ የሰፈር ስም ብቻ ነበር። አሁን ጎንደር ያለ ልጅም ነቄ ከሆነ አራዳ ይባላል።

«ላግ» (ጨዋታው ሲንቀራፈፍ)፣ «ኑብ» (ጀማሪውን) የምትሉት ብዙም አይገርመኝም፣ ከፈረንጅ ጋር የመጣ ነው። እኛም ኳስ ስንጫወት ቴስታ፣ ካልቾ፣ ሪጎሬ እንል ነበር። ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ተባሮ ቃሉን ሜዳ ላይ ጥሎልን ሄዷል። እኔን የሚገርመኝ ከራሳችሁ ያወጣችሁት ነው።

እኛ ጆተኒ ላይ የራሳችን ነበረን። በረኛው ከኋላ መትቶ ቀጥታ ጎል ካስገባ «ፖስታ» እንላለን። አንድ ቀን አጥር ሥር ሆነን «ፖስታ መጣ! ፖስታ መጣ!» ስንል አያትሽ ነጠላቸውን ደርበው ወጡ። ጅማ ካለው ወንድማቸው ደብዳቤ የመጣ መስሏቸው ነበር። እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። ማናችንም የምንለው ጠፋን። ጆተኒውን ከዚያ በኋላ ቤት አጠገብ አላቆምነውም፣ «ፖስታ» ማለት ግን አልተውንም።

ስለዚህ «የሰው ቋንቋ» ያልኩትን አንስቻለሁ። ስድስት ሰዓቱን ግን አላነሳሁም። አራት ሰዓት ላይ ስልኩ ይዘጋል፣ ዶዘር ቢመጣም ባይመጣም።

ሌላም ነገር አለ። ወንድምሽ ሲያመልጠው ሰማሁ፤ አንዱ ጨዋታ መሀል ዝም ሲል «አባዬ ሆነ» ትላላችሁ አሉ። ዜና ሶፋ ላይ ሆኜ ስለማይ ነው አይደል? ዓይኔን ጨፍኜ ነው የማዳምጠው፣ አልተኛም። ንገሪያቸው።

እናትሽ እሁድ ዶሮ ልትሠራ ነው። ሦስቱንም ጥሪያቸው፣ የታክሲያቸውን እኔ እችላለሁ። የጀሪካንን ትክክለኛ ስም ግን ቀድመሽ ንገሪኝ፣ በር ስከፍትለት አምልጦኝ እንዳልጠራው።

አባትሽ