ልጆቼን እቤት ማስተማር የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጋዜጣችሁ እኛ ቤት የገባው በርበሬ ተጠቅልሎበት ነው። እናቴ ከደሴ በሰው እጅ ስትልክልኝ፣ ላስቲኩ እንዳይቀደድ ብላ በጋዜጣ ደራርባ ጠቅልላዋለች። እዚህ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ወጥ ቤቴ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ ስፈታው የ7 ዓመቱ ልጄ መጣ። ቀዩን አቧራ በእጁ ጠረገና ርዕሱን ማንበብ ጀመረ። «የ... ስ... ን... ዴ...» ብሎ ቆመ። አስነጠሰው። እንደገና ጀመረ። «የስንዴ ምርት! እማዬ፣ ስንዴ ዳቦ የሚሠራበት ነው አይደል?»

እዚያው ወለሉ ላይ አለቀስኩ። ይህ ልጅ ከሁለት ዓመት በፊት በርበሬውን ከላከችው አያቱ ጋር መነጋገር አቅቶት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ 5 ዓመት ሲሞላው እዚህ ኪንደርጋርተን አስገባነው። አማርኛው ጥርት ያለ ነበር። ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው መምህርቱ ጠራችን። ክፉ ሰው አልነበረችም። «ልጁ ክፍል ውስጥ ዝም ይላል። እቤት በእንግሊዝኛ ብታወሩት ይሻላል» አለችን። ተቀበልናት። እኔ ራሴ ደሴ ስድስት ዓመት አንደኛ ክፍል አስተምሬአለሁ፤ የመምህር ቃል እንዴት እንደሚከበር አውቃለሁ።

እናም በእንግሊዝኛ ማውራት ጀመርን። ባለቤቴ በታክሲ ሥራ የለመደውን፣ እኔ አዛውንት መንከባከቢያ የለመድኩትን እንግሊዝኛ። «ቀኝህን አንሳ፣ መድኃኒትህን ዋጥ» ለማለት የሚበቃ እንግሊዝኛ ነው። ተረት አይወራበትም። ልጅ ወድቆ ሲነሳ «እኔን ይድፋኝ» አይባልበትም። ቀስ በቀስ ልጁ በእኛ ቋንቋ ማውራት ተወ፤ እኛም ከእሱ ጋር የምናወራው እያጠረ መጣ። ብላ፣ ልበስ፣ ተኛ። ሌላ ምን ቀረን?

በጋ ሲመጣ እናቴ ደወለች። «እንደምን ዋልክ የኔ ጌታ?» አለችው። ልጄ «ሃይ» አላትና ስልኩን መለሰልኝ። እናቴ ትንሽ ዝም ብላ «ምነው፣ አኩርፎኛል እንዴ?» አለችኝ። አዎ ብላት ይሻል ነበር።

ያን ሌሊት ከሥራ ስመለስ ለባለቤቴ ልጁን እቤት ላስተምረው አልኩት። አላመነታም ማለት አልችልም። ሦስት ቀን ቆጥሮ ነው እሺ ያለኝ፤ የቤት ኪራዩን እያሰበ።

ብዙ ሰው ሕጉን ስለማያውቅ በኛ ላይ የደረሰውን ልጻፍ። በቨርጂኒያ ልጅ እስከ ሴፕቴምበር 30 ድረስ 5 ዓመት ከሞላው መማር ግዴታው ነው። ግን እቤት መማርም ይችላል። ወላጅ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15፣ በእኛ ነሐሴ 9 ማለት ነው፣ ለአካባቢው የትምህርት ኃላፊ በጽሑፍ ያሳውቃል። የሚያስተምራቸውን ትምህርቶች ዘርዝሮ ያያይዛል። ወላጁ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰበት ዲፕሎማ ካለው ይበቃል። ማሳወቅ እንጂ ማስፈቀድ አይደለም። በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ ልጁ መሻሻሉን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠየቃል። አንዱ መንገድ በአገር አቀፍ ደረጃ የሚሰጥ ፈተና ነው፤ ከ9 እርከኖች 4ኛው ላይ ወይም ከዚያ በላይ መገኘት አለበት። ልጄ ተፈትኖ 6ኛው ላይ ተገኘ። ትንሿ ልጄ ገና 5 ዓመቷ ስለሆነ ማስረጃ አትጠየቅም። ይህ የቨርጂኒያ ነው፤ ሌላ ግዛት ያላችሁ የራሳችሁን ጠይቁ።

አሁን ከዓርብ እስከ እሑድ 12፣ 12 ሰዓት እሠራለሁ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ አስተማሪ ነኝ። ዓርብ የባለቤቴ ተራ ነው። ጠዋት በእንግሊዝኛ ያነባሉ፤ መጻሕፍቱን ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በከረጢት ሞልተን በነፃ እናመጣለን። ከዚያ ሒሳብ። ከምሳ በኋላ ፊደል።

ፊደሉን ማወቅ አልከበደውም። 33ቱን ከነዘራቸው በአምስት ወር ጨረሰ። የከበደው ድምፁ ነው። ጤፍን «ቴፍ»፣ ቀይን «ከይ» ይለኝ ነበር። «ጠ» ብለው «ተ»፣ እንደገና «ጠ» ብለው «ተ»። አንድ ቀን ሶፍት በጠባቡ ቀደድኩና አፉ ፊት ያዝኩለት። «ተ በል።» ሶፍቱ ተርገበገበ። ወደ እኔ አፍ አዙሬ «ጠ» አልኩ። ሶፍቱ ዝም አለ። ዓይኑን አፍጥጦ አየኝ። ከዚያ ሶፍቱን ነጠቀኝና መታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት ቆሞ «ተ፣ ተ፣ ተ» ሲል ዋለ። ወደ ማታ ላይ ጮኸ። «አልተነቃነቀም! ጠ! ጤፍ! ጠላ! ጥጥ!» እህቱም ተከተለችው። ያን ቀን ራት ላይ እንጀራው ሲቀርብ ሁለቱም ሶፍት ይዘው «ጤፍ» እያሉ ነው የበሉት።

ሒሳብን በሰዓት ነው ያስያዝኳቸው። ግድግዳችን ላይ ሁለት ሰዓት ተሰቅሏል፤ አንዱ የዚህ፣ አንዱ የእኛ። እዚህ ጠዋት 8 ሲል የእኛው 2 ይላል። ልጄ 6 መቀነስንም መደመርንም ከዚያ ተማረ። «ለምን የእኛ ይለያል?» ሲለኝ ፀሐይ ስትወጣ መቁጠር ስለምንጀምር ነው አልኩት። በማግስቱ በጨለማ ተነስቶ መስኮት ላይ ቆሞ አገኘሁት።

አንድ ሐሙስ ዋሽንግተን ወስጄአቸው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሙን ጎበኘን። መግቢያው ነፃ ነው። የሰው ዘር አመጣጥ የሚታይበት አዳራሽ ገባንና ስለ ድንቅነሽ ነገርኳቸው። በ1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር እንደተገኘች፣ ከ3 ሚሊዮን ዓመት በላይ እንደሆናት። ትንሿ «ደሴ አጠገብ ናት?» አለችኝ። ለእሷ ደሴ የሁሉ ነገር መለኪያ ሆናለች። ከዚህ ሲታይ አጠገብ ናት አልኳት።

ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ ነው እንዳትሉኝ። ገቢያችን ቀንሷል። ድካሙም አለ። አንድ ማክሰኞ መቀነስ አልገባ ብሎት ጮኽኩበት። ጠረጴዛ ሥር ገብቶ አልወጣም አለ። ደሴ 70 ልጅ በአንድ ክፍል ይዤ እንዲያ ጮኼ አላውቅም። የራስ ልጅ ሲሆን ትዕግሥት ያልቃል ለካ። ደብተሩን ዘግቼ መናፈሻ ወሰድኳቸውና ዳክዬ ስንቆጥር ዋልን። ዘጠኝ ዳክዬ ነበሩ፤ አራቱ ውኃ ውስጥ ገቡ። «አምስት ቀሩ» አለኝ፣ ሳልጠይቀው።

ጓደኞቼ የሚነግሩኝ አንድ ነገር ነው። «ልጆቹ ሰው ሳይለምዱ ይቀራሉ።» ይህን አቅልዬ አላየውም። ልጄ ኪንደርጋርተን የነበረ ጓደኛው ለረጅም ጊዜ ይናፍቀው ነበር። ስለዚህ የልጁን እናት ፈልጌ ስልክ ተለዋወጥን፤ በየሁለት ሳምንቱ ይገናኛሉ። ረቡዕ ኳስ አለ። እሑድ አባታቸው ሰንበት ትምህርት ቤት ይወስዳቸዋል። ያም ሆኖ ለዘላለም እቤት አላስቀምጣቸውም። ሦስተኛ ክፍልን ሲጨርሱ ይመለሳሉ። እነዚህ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ግን እንዲያመልጡኝ አልፈልግም። ልጅ አፉን የሚፈታው አንዴ ነው።

ሁለቱም ወላጅ ቀንና ሌሊት የሚሠራበት ቤት ግን ይህን አልመክርም። ልጅን ቴሌቪዥን ፊት አስቀምጦ አስተምራለሁ ማለት በልጁ መጫወት ነው። በሕግ የማይፈቀድበት አገርም አለ። ፍራንክፈርት ያለች አብሮ አደጌ ብትፈልግም አትችልም፤ ጀርመን ልጅ ትምህርት ቤት መሄድ ግዴታው ነው። እሷ ታዲያ በየማታው ከራት በኋላ ግማሽ ሰዓት ለፊደል ሰጥታለች። ልጇ አሁን ለአያቷ በአማርኛ ደብዳቤ ትጽፋለች። ሥራ የሚበዛበት ሰው ከዚያ ይጀምር።

የእኔ ቤት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ለጋዜጣ አልጽፍም ነበር። ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ መጥቼ የእህቴን ልጅ አየሁት። 4 ዓመቱ ነው። ከቁመቱ የማያንስ ቦርሳ ይሸከማል። ማታ እስከ 2 ሰዓት የቤት ሥራ ይሠራል። በትምህርት ቤታቸው ግቢ አማርኛ መናገር ክልክል ነው አለችኝ እህቴ፤ በኩራት ነው የነገረችኝ። «ውኃ ጠማኝ» ለማለት ቃሉ ጠፍቶት ሲቁለጨለጭ አየሁ። በገዛ አገሩ! በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እኮ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ብሏል። እኔ ደሴ ያስተማርኩት በዚያ ነው። እህቴን አልወቅሳትም፤ እኔም ለአንድ ዓመት ያደረግሁት ያንኑ ነው። ግን እቤት ስትገቡ እንኳን በአማርኛ አውሩት ብዬ ለምኛታለሁ።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። ልጄ ከጋዜጣችሁ ርዕሱን ብቻ ነው ያነበበው። ከሥር ያለው ጽሑፍ ደቃቅ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩም ለልጅ ረጅም ነው። እዚህ ያሉት የሐበሻ ሱቆች የሚሸጧቸው የልጆች መጻሕፍት ከፊደል ገበታ በቀጥታ ወደ ረጅም ተረት ይዘላሉ፤ መሀሉ ባዶ ነው። እባካችሁ በሳምንት ሩብ ገጽ ለልጆች ስጡ። ፊደሉ ትልቅ ይሁን። በአንድ መስመር አራት አምስት ቃል ይበቃል። ስለ ዶሮ ይሁን፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጣና ዓሣ፣ የፈለጋችሁትን ጻፉ። ጸሐፊ ካጣችሁ እኔ በነፃ እጽፋለሁ፤ ሰኞ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ጊዜ አለኝ።

እናቴ ለመስቀል ሽሮ እልካለሁ ብላለች። የልጆቹ ገጽ ያለበትን ጋዜጣ ፈልጊና በእሱ ጠቅልይው ብያታለሁ።

የሁለት ልጆች እናት
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ